መንገድ በፈረንሳይኛ፦ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን መስማትም

ፈረንሳይኛ አናውቅም የምንል ሁሉ አንድ ቃል ሳናውቀው እናውቃለን። «ለገሃር» የሚለው ስም የመጣው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ቃሉም አብሮት ገባ። የዛሬውን ትምህርት ከዚሁ ቃል እንጀምር።

1ኛ/ ሰላምታ። ፓሪስ ላይ መንገድ የጠፋበት እንግዳ አስቀድሞ «ቦንዡር ማዳም» ወይም «ቦንዡር ሙስዩ» ማለት አለበት። ዘሎ ወደ ጥያቄው ከገባ ፊት ሊነሡት ይችላሉ። እኛስ ብንሆን ጤና ይስጥልኝ ሳይል የሚያስቆመንን ሰው ምን እንለዋለን?

2ኛ/ ጥያቄ። «ኡ ኤ ላ ጋር፣ ሲል ቩ ፕሌ?» ማለት «እባክዎ፣ ባቡር ጣቢያው የት ነው?» ነው። በ«ላ ጋር» ፈንታ «ለ ሜትሮ» (የምድር ውስጥ ባቡር) ወይም «ሎፒታል» (ሆስፒታል) ማስገባት ይቻላል። «ሴ ሏን?» ደግሞ «ሩቅ ነው ወይ?» ማለት ነው።

3ኛ/ መልስ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን በቃል ማጥናት ቀላል ነው፤ መልሱን መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

«አ ጎሽ» — ወደ ግራ (ጎሽ ብለው ያመሰገኑን እንዳይመስለን!)
«አ ድሯት» — ወደ ቀኝ
«ቱ ድሯ» — በቀጥታ

ልብ በሉ! በመጨረሻ «ት» ከተሰማች ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው፤ ካልተሰማች ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ይህችን አንዲት ድምፅ ያልሰማ ሰው ባቡሩ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የተባለውን በእጅ እያመለከቱ መድገም ይበጃል። መሪው ከፈጠነብን «ፕሉ ላንትማን፣ ሲል ቩ ፕሌ» (እባክዎ፣ ቀስ ብለው) እንበል።

4ኛ/ ሜትሮ። የፓሪስ ሜትሮ ሥራ የጀመረው በ1900 (እንደ አውሮፓውያን) ነው። የባቡሩ አቅጣጫ የሚታወቀው በመስመሩ የመጨረሻ ጣቢያ ስም ነው። ለምሳሌ ከ«ጋር ደ ሊዮን» ወደ ሉቭር ሙዚየም የሚሄድ ሰው በ1ኛው መስመር «ላ ዴፋንስ» የሚለውን ይሳፈራል። «ሻቶ ደ ቫንሴን» የሚለውን ከያዘ ግን ከሙዚየሙ እየራቀ ይሄዳል። ሲወርድ «ሶርቲ» የሚል ጽሑፍ ይፈልግ፤ መውጫ ማለት ነው።

ልምምድ ለእጩ መምህራን፦ ክፍል ገብተን ስናስተምር ጥያቄውን ብቻ አናስጠና። ሁለት ተማሪዎች ይውጡ፤ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው የአገሬው ሰው ይሁን። የአገሬው ሰው በፈረንሳይኛ ብቻ፣ በእጁ ሳይጠቁም፣ እንግዳውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይምራው። እንግዳው ቤተ መጻሕፍት ከደረሰ ሰምቷል ማለት ነው። ወጥ ቤት ከደረሰ ግን «ት»ን መንገድ ላይ ጥሏታልና ትምህርቱን እንደገና እንጀምር።