አረጋውያንና የመርሳት ሕመም፤ በመቋሚያ የሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴ



በእነዋሪና በአካባቢዋ በዕድሜ የገፋ ሰው የልጁን ስም ሲያምታታ ወይም ከደጅ ወጥቶ መመለሻው ሲጠፋው «ጃጀ» ይባላል። ከዚህ ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ከምድጃ ዳር እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ከሥራም ከጸሎትም ይገለላል። ቤተ ሰቡ ይህን የሚያደርገው እንዳይወድቅና እንዳይጠፋ በመስጋት እንጂ በክፋት አይደለም። ነገር ግን መቀመጡ ራሱ ይጎዳዋል፤ ጉልበቱ ይዝላል፣ ሚዛን መጠበቅም ያቅተዋል፤ የተፈራው መውደቅ ይበልጥ ይቀርባል።

የመርሳት ሕመም እርግማን አይደለም፤ የአንጎል ሕመም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። አልዛይመር የሚባለው እጅግ የተለመደው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። እጅና እግር በብዙ ዓመት ልማድ የተማሩት ግን በሌላ ክፍል ስለሚጠበቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ምሳ መብላታቸውን የረሱ እናት እንዝርት ሲይዙ ሊፈትሉ፣ የጎረቤት ስም የጠፋባቸው አባት መዝሙር ሲሰሙ በመቋሚያቸው ሊዘሙ የሚችሉት ስለዚህ ነው።

ቻይናውያን ታይ ቺ የሚሉት ዝግ ያለ እንቅስቃሴ አላቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ ጥናት፣ የማስታወስ ችግር የጀማመራቸው 318 አረጋውያን በሦስት ተከፍለው ለ24 ሳምንታት ሠሩ። አንዱ ክፍል ሰውነትን ማፍታታት ብቻ፣ ሁለተኛው ታይ ቺ፣ ሦስተኛው ደግሞ ታይ ቺን ከአእምሮ ሥራ ጋር አጣምሮ ሠራ። በማስተዋል ፈተና የበለጠ የተሻሻለው ሦስተኛው ነው። ይህ ፈውስ አይደለም፤ ሆኖም ለቤታችን የሚሆን ትምህርት አለው። ለዚህም የቻይና መምህር መፈለግ አያሻንም፤ ዝማሜ አለንና።

አረጋዊው ከግድግዳ ጋር በተጠጋ ጠንካራ ወንበር ላይ፣ ሁለት እግሮቹን መሬት አስረግጦ፣ መቋሚያውን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጥ። ጥቂት ጊዜ በቀስታ ይተንፍስ። ከዚያም የሚያውቀው መዝሙር እየተዘመረ ከወገቡ በላይ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዘንበል ይበል። የሚችል ከሆነ ቀስ ብሎ ይነሣ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር፣ ተመልሶም ይቀመጥ። ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ መነሣትና መቀመጥ ነው፤ ያለ ሰው ድጋፍ ወደ ደጅ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት እርሱ ነውና። አንድ ሰው ከጎኑ ይቁም። ሕመሙ ገና የጀመረው ሰው እየዘመመ የወሩን በዓላት በቀናቸው ይጥራ፦ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ሴቶች እናቶች የእህል ዓይነቶችን ቢቆጥሩ ይቀላቸዋል፤ በጤፍና በምስር አገር ይህ አያስቸግርም!

ሕመሙ ለጠናበት ሰው ግን ጥያቄ አይቅረብለት። «ማን ነኝ? ያውቁኛል?» ማለት ማሳፈር ነው። «አባባ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ አብረን እንነሣ» ይባል፤ ከፊቱ ቆሞም ይታይለት። አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጅ እንዳይንቀው ያዘዘው መጽሐፈ ሲራክ (3፥13) ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስለናል።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። መርሳቱ ወይም መቀባዠሩ በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ምክንያቱ ሊታከም የሚችል ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ደረቱን የሚወጋው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ራሱን የሚያዞረው ከሆነም እንቅስቃሴው ወዲያው ይቁም።

በሳምንት ሦስት ቀን ያህል፣ ብርዱ ሲሰበርና ፀሐይ ሲሞቅ ማድረጉ ይበቃል። በክረምት ጥቁሩ አፈር ስለሚያንሸራትት ከቤት ውስጥ ይደረግ። ሕሙማንን የምትጎበኙ መምህራንም ከጸሎቱ በኋላ ለመሄድ ሳትቸኩሉ አንዱን መዝሙር ቆማችሁ አብራችሁ ዘምሩ። አረጋዊው አልነሣም ቢል አታስገድዱት፤ በሌላ ቀን ተመለሱ።