የቅርንጫፍ ሱቅ ኮምፒዩተር ከዋናው መዝገብ ጋር መገናኘቱን ስለ መመርመር

ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሆኖ በራቤል ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ፣ የሠራተኞቹን ስምና የይለፍ ቃል በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ይዞ፣ የቅርንጫፉ ኮምፒዩተር ማን መግባት እንዲገባው ከዚያ እንዲጠይቅ ሊያደርግ ይችላል። ይህን መዝገብ ባለሙያዎች ዳይሬክተሪ ይሉታል። በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተርም በዚሁ መዝገብ ሊታቀፍ ይችላል።

ዳሩ ግን በመዝገብ መታቀፍና ዛሬ ከመዝገቡ ጋር መነጋገር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በትእዛዝ መስኮቱ ላይ «ሪልም ሊስት» ተብሎ (በላቲን ፊደል መሆኑ ልብ ይሏል) ሲጻፍ፣ ኮምፒዩተሩ የታቀፈበት መዝገብ ስም ይወጣል። ስሙ መውጣቱ ግን መሥመሩ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። «አይዲ» ብሎ የሠራተኛውን መለያ ስም ማስከተልም እንዲሁ ነው፤ መልሱ ቀድሞ ከተቀመጠ ቅጂ ሊመጣ ይችላልና።

ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ኤስኤስኤስዲ የተባለው አገናኝ ፕሮግራም የይለፍ ቃሉን ቅጂ እንዲያስቀምጥ ከተፈቀደለት፣ መሥመር ሲቋረጥ ሠራተኛውን በቅጂው ያስገባዋል፤ ገደብ ካልተወሰነለትም ቅጂው ጊዜ አያልፍበትም። ስለዚህ ትናንት የተሰናበተ ገንዘብ ያዥ፣ ስሙ በደብረ ብርሃን ቢሰረዝም፣ መሥመሩ በተቋረጠበት በራቤል በአሮጌው ቃል ገብቶ ሒሳብ ሊጽፍ ይችላል። ይህን ለማወቅ በአስተዳዳሪ ሥልጣን «ኤስኤስኤስሲቲኤል ዶሜይን-ስታተስ» ብሎ የመዝገቡን ስም ማስከተል ነው፤ መልሱም «ኦንላይን» ወይም «ኦፍላይን» ይላል።

መሥመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ቢከለከል፣ የይለፍ ቃሉን ከመውቀስ በፊት ሰዓቱን መመልከት ይገባል። ከርቤሮስ የተባለው የማረጋገጫ ሥርዓት፣ ደንቡ ካልተለወጠ በቀር፣ ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም። በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ 9፡00፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 6፡00 ማሳየት አለበት። በቅን ልቡና 3 ብሎ የሞላ ጸሐፊ ኮምፒዩተሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ጥሎታል! የውስጥ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒዩተርም መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይስታል። «ታይምዴትሲቲኤል» የተባለው ትእዛዝ ሁለቱንም ሰዓት አንድ ላይ ያሳያል።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ «ኬ-ኢኒት» ብሎ የሠራተኛውን መለያ ስም መጻፍ ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ከሆነ መዝገቡ ትኬት ይሰጣል፤ «ኬ-ሊስት» የሚለውም ትእዛዝ ትኬቱን ከመጀመሪያና ከማብቂያ ሰዓቱ ጋር ይዘረዝራል። የቀድሞ ትኬት እዚያው ሊገኝ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሰዓት የአሁን መሆኑን ማየት ያሻል።