ድልድይና ጠባቂዎቹ፤ የሞስታር ከተማ ታሪክ

ስለ ጦርነት ሲጻፍ በብዛት የሚወሳው የታላላቆቹ ከተሞች ጥፋት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንዲት ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ የደረሰባትን እንመረምራለን። እርሷም በቦስንያና ሄርዘጎቪና፣ በኔሬትቫ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረችው ሞስታር ናት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ «ሞስታሪ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የድልድይ ጠባቂዎች ማለት ነው። አስቀድሞ በወንዙ ላይ የነበረው በሰንሰለት የተያዘ የእንጨት ድልድይ ነበር። በቱርክ ዘመነ መንግሥት፣ በሱልጣን ሱለይማን ትእዛዝ፣ ሚማር ሃይሩዲን የተባለው መሐንዲስ የድንጋዩን ድልድይ በ1566 ፈጸመ። 29 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አንድ ቅስት ብቻ ወንዙን ይሻገራል፤ ድንጋዮቹም በብረት ማያያዣ ተጠምደው፣ ቀልጦ በፈሰሰ እርሳስ ተጣብቀው ነበር። ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም ሲመላለስበት ኖረ።

ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ፣ በ1992 የዩጎዝላቪያ ጦርና የሰርብ ኃይሎች ከተማይቱን ደበደቡ። ያን ጊዜ ክሮአቶችና ቦስንያኮች ባንድነት ተከላከሉ። ዳሩ ግን ከሜይ 9 ቀን 1993 ጀምሮ እነዚሁ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ የምሥራቁም ዳርቻ ተከበበ። በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ 427 ዓመት የቆመው ድልድይ በክሮአት ኃይሎች ድብደባ ወንዝ ውስጥ ወደቀ።

ጠላቂዎች ከውኃው ያወጧቸው ድንጋዮች እጅግ ተጎድተው ስለ ነበር፣ ከዚያው አገር አዲስ ድንጋይ ተፈልጦ፣ ድልድዩ በቀድሞው ዘዴ እንደገና ተሠርቶ ጁላይ 23 ቀን 2004 ተመረቀ። በ2005ም ዩኔስኮ ድልድዩንና አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

እንግዲህ ድንጋዩ ሲተካ ከተማይቱ ዳነችን? በ1977 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ዛሬም አንዱ በምዕራብ፣ ሌላው በምሥራቅ ያስተምራል። ወገኖቹ በምርጫ ሕጉ ባለመስማማታቸውም የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ከ2008 በኋላ እስከ 2020 ድረስ ሳይደረግ ቆየ።

ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርቱ ይህ ነው። ጦርነት ሕዝብን ሲከፍል፣ የትምህርት አዳራሹንም አብሮ ይከፍለዋል፤ የተከፈለውን አዳራሽ መልሶ መግጠም ደግሞ ድንጋይ ከመግጠም ይልቅ ከባድ ነው። ግንበኛ ድልድዩን በጥቂት ዓመታት ሊያድሰው ይችላል። የሚጠብቀው ግን በሁለቱም ዳር የሚኖረው ሰው ነው፤ ከተማይቱም በጠባቂዎቹ ስም መጠራቷ ተገቢ ነበር።