የ2.5ቱን ሞተር በ2.2 መተካት፦ የ1990ዎቹን ሱባሩ ከጃንክያርድ የሚያተርፍ ጥገና

ከዴንቨር ተነሥቶ በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ የሚወጣው ዳገት ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደርሳል። አሮጌ አውትባክ ውስጡ ያለውን ሕመም የሚያወጣው እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ነው፤ ለሲያትል ነዋሪ ደግሞ የስኖኳልሚ ተራራ ማለፊያ አለለት። በሁለቱም ከተሞች ሐበሻው ብዙ ነው፤ በረዶውን አስቦ አራቱም ጎማ የሚነዳ ሱባሩ የገዛ ሰው ይህ ጽሑፍ ይመለከተዋል።

የምናወራው እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 አሜሪካ ውስጥ ስለተሸጡት ባለ 2.5 ሊትር አውትባክና ሌጋሲ፣ እንዲሁም ስለ 1998ቱ ፎረስተርና ኢምፕሬዛ 2.5 አርኤስ ነው። ሞተራቸው ኢጄ25ዲ ይባላል፤ ደካማ ጎኑም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (ሄድ ጋስኬቱ) ነው። ከእሱ የሚቀድመው ባለ 2.2 ሊትሩ ኢጄ22 የሲሊንደሩ ስፋት 96.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኢጄ25 ግን 99.5 ነው። በሲሊንደሮቹ መካከለኛ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ግን በሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ በ2.5ቱ ላይ ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጥበት ብረት ጠበበ፣ የሚቃጠለው ጋዝም ሰብሮ ወደ ራዲያተሩ ውኃ መግቢያ አገኘ።

ጓርኒሲዮኑን መቀየር አይቻልም ማለቴ አይደለም። ቴስታታውን አስልጎ፣ ብዙ ሽፋን ያለውን የብረት ጓርኒሲዮን አስገብቶ ብዙ ዓመት የነዳ ሰው አለ። ይህ የሚያዋጣው ግን ሞተሩ አንዴ ሞቆ ወዲያው ለቆመ ሰው ነው። መርፌው ቀዩ ላይ እየደረሰ ደጋግሞ የተነዳ 2.5 የክራንክ ሻፍት ኩሽኔታዎቹም ስለሚጎዱ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ለብሶ ብዙም ሳይቆይ ከታች ማንኳኳት ይጀምራል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና የምመርጠው መድኃኒት ኢጄ22 ነው። የሚያጡት ጉልበት አለ፤ ከ155 ወይም 165 የፈረስ ጉልበት ወደ 135 አካባቢ ይወርዳሉ። አውቶማቲኩ አውትባክ የመጨረሻ የማርሽ ምጣኔው 4.44 ስለሆነ ሲነሣ ብዙም አያስታውቅም፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ይሰማዎታል። በዚያ ምትክ ታጋሽነቱ የተመሰከረለት ሞተር ያገኛሉ።

ሕመሙን ማረጋገጥ

መጀመሪያ ቴርሞስታቱ፣ ሁለቱ ፋኖችና ራዲያተሩ ጤነኛ መሆናቸውን ይዩ፤ በ20 ዶላር ዕቃ የሚድን መኪና ሞተር አይወጣለትም። የኢጄ25ዲ ጓርኒሲዮን ሲሄድ ዘይቱ ብዙ ጊዜ አይነጣም፤ ስለዚህ የዘይት መለኪያውን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ያሳስታል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ሙቀቱ ልክ ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ ወይም ዳገት ላይ ግን መርፌው በድንገት ይነሣል። በዚያ ሰዓት ኮፋኖውን ከፍተው ትርፍ ውኃ የሚጠራቀምበትን ፕላስቲክ ይመልከቱ። አረፋው ያለማቋረጥ ከወጣና ጥቁር ቅባት ግድግዳው ላይ ከያዘ ነገሩ ግልጽ ነው። ለማረጋገጥ በዕቃ መደብሮች የሚገኘውን ሰማያዊ የጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽ ይጠቀሙ፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይቀየራል።

ሞተሩን መምረጥ

ሥራው ቀለለም ከበደም የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ጃንክያርድ ውስጥ በችኮላ የተገዛ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ሳምንት ያስቆማል። የሚፈልጉት ከ1995 እስከ 1998 ከተሠራ ሌጋሲ ወይም ኢምፕሬዛ የወጣ ኢጄ22 ነው። የገመዱ ሶኬቶች ከእርስዎ መኪና ጋር የሚገጥሙት በእነዚህ ዓመቶች ነው። የ1999ኙን ይለፉት፤ በስም ኢጄ22 ቢሆንም አሠራሩ ተለውጧል፣ ማኒፎልዱም አይገጥምም።

ከዚያ ሦስት ነገር ያመሳክሩ።

የጭስ መውጫውን ይዩ። የእርስዎ 2.5 በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ ሁለት የጭስ ቀዳዳ አለው። እስከ 1995 ያሉት ኢጄ22ዎችም ሁለት ሁለት ስላላቸው ያለዎት የጭስ ቱቦ ይገጥማል። ከ1996 ጀምሮ ያሉት አንድ አንድ ብቻ ነው ያላቸው፤ እነሱን ከገዙ ከቴስታታው የሚነሣውን የፊት ቱቦ አብረው ከዚያው መኪና ይፍቱ። ሞተሩን ሸጦ ቱቦውን ለብቻ የሚያስከፍል ሻጭ ስላለ ዋጋውን ቀድመው ይነጋገሩ።

ኢጂአሩን ይዩ። አውቶማቲክ አውትባክ ጭሱን በከፊል ወደ ማኒፎልድ የሚመልስ ቫልቭ አለው። ተተኪው ሞተር ይህ ከሌለው መኪናው ይሠራል፣ ነገር ግን የሞተር መብራት በርቶ ይቀራል፣ ፒ0400 የሚለው ኮድም ይመጣል። መጽሐፍ አይመኑ፤ ጎንበስ ብለው ከቴስታታው ወደ ማኒፎልዱ የሚወጣውን ቀጭን የብረት ቱቦ በዓይንዎ ይዩ። አውቶማቲክ ከነበረ መኪና የወጣ ሞተር መፈለግ ይህን ድካም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዓመቱ ነው። እስከ 1996 የተሠሩት ኢጄ22ዎች የታይሚንግ ቺንጋ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም፤ የ1997ና የ1998ቱ ግን ይጋጫሉ። ለዚህ ሲባል ሁሉም ሰው የ1995ቱን አውቶማቲክ ያሳድዳል። ሕጉ ግን ሌላ ይላል፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያ የሚተካው ሞተር ከመኪናው ጋር አንድ ዓመት ወይም ከዚያ አዲስ እንዲሆን ይፈልጋል። ካሊፎርኒያን በመሰለ ጥብቅ ግዛት የሚኖር ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የጭስ ምርመራ ጣቢያውን መጠየቅ አለበት። ለ1998 መኪና የ1998ን ሞተር ከነጭስ ቱቦው ገዝቶ ቺንጋውን በጊዜው መቀየር ከእንግልት ያድናል።

ከኋላ ተገጭቶ የገባ መኪና ካገኙ ይሻላል፤ እየሠራ እያለ ነው የሞተው። የዘይት ክዳኑን ከፍተው የጠቆረ ዝቃጭ እንዳለ ይዩ፣ የራዲያተሩን ውኃ ያሽትቱ። በ22 ቁልፍ የክራንክ ፑሌጃውን ቡሎን ይዘው ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ያለ መንቀርፈፍ መዞር አለበት።

አሮጌውን ማውጣት

1. የነዳጅ ፖምፓውን ኤሌክትሪክ ነቅለው ሞተሩን ያስነሱ፤ መስመሩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚያ ባትሪውን ይንቀሉ።

2. የራዲያተሩን ውኃ በዕቃ ይቀበሉ፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋል። ራዲያተሩን ከነፋኖቹ ያውጡ፤ ቦታ ይሰጥዎታል።

3. የኤሲ ኮምፕረሰሩንና የመሪውን ፖምፓ ከእግራቸው ፈተው፣ ቱቧቸውን ሳይከፍቱ ወደ ጎን ያስሯቸው። የኤሲ ጋዝ መልቀቅ በሕግም የተከለከለ ነው።

4. ሦስቱን የነዳጅና ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች፣ የጋዝ ካቦውንና የገመድ ሶኬቶቹን ይንቀሉ። ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ይጻፉ።

5. የጭስ ቱቦውን ስድስት ዳዶዎች ይፍቱ። በረዶና ጨው ያየ መኪና ከሆነ ማታውን ዝገት መፍቻ ረጭተው ያሳድሩት።

6. አውቶማቲክ ከሆነ፣ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ከላይ በኩል ጎማ ክዳን ያላት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ክራንኩን እያዞሩ የቶርክ ኮንቨርተሩን አራት ቡሎኖች በ12 ቁልፍ በዚያ ቀዳዳ ያውጡ። ቡሎን ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ የቁልፉ ጫፍ ላይ ማግኔት ያድርጉ።

7. ሞተሪኖውን፣ ከሞተሩ ኋላ ሞተሩን ከመኪናው ውስጥ ወደሚለየው ግድግዳ የሚሄደውን አጭር ዘንግ፣ ሁለቱን የሞተር መቀመጫ ዳዶዎች፣ በመጨረሻም ካምቢዮውን የያዙትን አራት ቡሎኖች ይፍቱ። ካምቢዮውን ከታች በክሪክ ይደግፉ፤ ሞተሩን በማንሻው ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ ፊት ይሳቡት።

ኮንቨርተሩ ከሞተሩ ጋር ተጎትቶ እንዳይመጣ አንድ ሰው ወደ ካምቢዮው ገፍቶ ይያዘው።

ከመግባቱ በፊት የሚደረገው

አዲሱ ሞተር ማንሻው ላይ ወይም መቆሚያው ላይ እያለ አንድ ቀን ይስጡት። መኪናው ውስጥ ገብቶ የአንድ ሰዓት ሥራ የሚሆነው እዚህ አሥር ደቂቃ ነው። ቴስታታዎቹን አይክፈቱ፤ የኢጄ22 ጓርኒሲዮን ያለ ምክንያት አይነካም።

የሚቀየረው፦ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ወጣሪውና ሮለሮቹ በሙሉ (ጥርስ ያለው ሮለር ቀድሞ የሚሞት ነው)፣ የውኃ ፖምፓው፣ ቴርሞስታቱ፣ የካምና የክራንክ ፊት ኦይል ሲሎች፣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮኖች፣ ካንዴላዎቹ። ቴርሞስታቱን የሱባሩን ራሱን ይግዙ፤ ርካሹ መጠኑ ያነሰና ውኃ በደንብ የማያሳልፍ ነው። የዘይት ፖምፓውን አውጥተው ከጀርባው ያሉትን ቪቴዎች ይፈትሹ። ላልተው ይገኛሉ፤ አንድ በአንድ አውጥተው ቪቴ የሚይዘውን ሙጫ ቀብተው ያጥብቁ፣ በፖምፓውና በብሎኩ መካከል ያለውን ኦሪንግም ይቀይሩ።

ከሞተሩ ጀርባ ያለው የዘይት መለያ ክዳን ፕላስቲክ ከሆነ በብረቱ ይተኩት፤ ፕላስቲኩ ተጣሞ ዘይት ያንጠባጥባል። የኋላውን ትልቅ ኦይል ሲል ግን ደረቅ ከሆነ አይንኩት። ጤነኛውን አውጥቶ አዲሱን አጣሞ ያስገባ ሰው ሞተሩን እንደገና ያወጣል።

ቺንጋው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ምልክቱ ነው። ጥርሳማ ፑሌጃዎቹ ላይ ቀስትም አለ፣ ትንሽ ሰረዝም አለ። ለቺንጋ የሚያገለግለው ሰረዙ ነው። የክራንኩ ሰረዝ ከጥርሶቹ በስተኋላ ባለው ዙር ላይ ተቀርጿል፤ ከላይ ካለው የብሎኩ ምልክት ጋር ይገጥማል። የሁለቱ ካሞች ሰረዝም ከላይ ከኋላ ሽፋናቸው ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። ወጣሪውን በሞርሳ በጣም ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ከቸኮሉ ውስጡ ይበላሻል። ፒኑን ከሳቡ በኋላ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ሦስቱ ሰረዞች ቦታቸው ላይ መመለሳቸውን ያረጋግጡ። ቺንጋው ላይ የታተሙት መስመሮች ከዙሩ በኋላ አይገጥሙም፤ አይደንግጡ። የክራንክ ፑሌጃውን ቡሎን በመለኪያ ቁልፍ፣ መመሪያው በሚለው ልክ ያጥብቁ። ላልቶ የቀረ ቡሎን የክራንኩን አፍንጫ በልቶ ሞተሩን ይገድለዋል።

መግጠም

ኮንቨርተሩ ሙሉ በሙሉ ካልገባ የካምቢዮውን የዘይት ፖምፓ ይሰብራል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ውዱ ጥፋት ይህ ነው። በሁለት እጅ ይዘው እየገፉ ያዙሩት፤ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ይሰማዎታል። ከእንግዲህ አይገባም እስኪል ድረስ ይቀጥሉ። ከዚያ ሞተሩን ያውርዱ። ሁለቱ ገጾች በእጅ ግፊት ብቻ መሳሳም አለባቸው። የአንድ ጣት ክፍተት ቀርቶ እምቢ ካለ ኮንቨርተሩ ወደ ፊት ወጥቷል ማለት ነው፤ መልሰው ያውጡት። በቡሎን ስቦ ማቀራረብ ፈጽሞ አይደረግም። ማንዋል ካምቢዮ ላለው ይህ ሥጋት የለም፤ የፍሪሲዮኑን ሸራ ግን በዚሁ አጋጣሚ ይቀይር።

የመኪናው ኮምፒውተር የራሱ የ2.5ቱ ይቆያል። የሚገባውን አየር ለክቶ፣ የጭሱን ኦክስጅን አንብቦ ነዳጁን ያስተካክላል፤ 2.2ቱንም ያለ ችግር ያሠራዋል።

ውኃ ሲሞሉ መጀመሪያ በላይኛው የራዲያተር ቱቦ በኩል ቀስ ብለው ወደ ሞተሩ ያፍስሱ፣ ከዚያ ራዲያተሩን። የራዲያተሩን የአየር ማስወጫ ቪቴ ክፍት ያድርጉ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ያድርጉ። ፋኖቹ ሁለት ጊዜ በርተው እስኪጠፉ ያሠሩት፤ ሲበርድ የጎደለውን ይሙሉ። ውስጥ የቀረ አየር ጤነኛ ሞተርንም ያሞቃል፣ ሰውየውንም ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

ሌሎች የሚለዋወጡ ዕቃዎች

በዚህ ዘመን ሱባሩዎች ላይ ብዙ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይገጥማል። ካምቢዮ የሚለውጥ ሰው ግን አንድ ነገር ይያዝ፦ የካምቢዮው የመጨረሻ ምጣኔና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ መሆን አለባቸው። 3.90፣ 4.11 እና 4.44 የሆኑ አሉ። የፊቱ 4.11፣ የኋላው 4.44 ከሆነ ሁለቱ እየተሳሳቡ ካምቢዮውን ያቃጥላሉ። ስለዚህ ካምቢዮ ሲገዙ ዲፈረንሻሉንም ከዚያው መኪና ይውሰዱ። አራቱ ጎማዎችም መጠናቸውና አበላላቸው አንድ ይሁን።

የወጣውን 2.5 ከመጣልዎ በፊት ዲናሞውን፣ የእሳት ኮይሉን፣ የክራንክና የካም ሴንሰሮቹን አውጥተው ያስቀምጡ። የጃንክያርዱ ሞተር ሴንሰር ቢሞትበት የሚያስፈልገው ከዚያው ይገኛል።