ከሻጋታ የተገኘው መድኃኒትና ርዝራዡን የሚያጠራው እንጉዳይ

አንቲባዮቲክ የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የስንቱን ሕይወት እንዳተረፉ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰውነት ከወጡ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በዚህ ትምህርት ይህን ጥያቄ አንሥተን፣ ርዝራዣቸውን ከአፈርና ከውኃ ለማስወገድ ፈንገሶች ምን ሊረዱን እንደሚችሉ እንመለከታለን።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

ሰውም ሆነ እንስሳ ከሚወስደው አንቲባዮቲክ ከፊሉ ሳይለወጥ ከሰውነት ይወጣል። ከዚያም በፍሳሽ ወደ ወንዝ፣ በፍግ ወደ እርሻ ይገባል። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ደግሞ የባሰ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት በሕንድ አገር፣ በሃይደራባድ አጠገብ የምትገኘውን ፓታንቸሩን ይመለከታል። የ90 ያህል መድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ ከሚቀበለው ማጣሪያ ጣቢያ በወጣው ውኃ ውስጥ፣ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኝቷል። ይህም መድኃኒቱን በሚወስድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን ይበልጣል፤ ውኃውም «ተጣርቶ» የወጣ ነበር።

እንዲህ ባለ ስፍራ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ፣ መድኃኒቱን የተላመዱት ተርፈው ይባዛሉ፤ የመቋቋም ኃይላቸውንም ለሌሎች ያስተላልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በዚህ መቋቋም ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ይህ ሁሉ የብክለት ውጤት ነው ማለት አይደለም፤ መድኃኒትን ያለ አግባብ መውሰድም ትልቅ ድርሻ አለው።

2. ፈንገሶች ለምን ተመረጡ?

እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነው። ሻጋታና እንጉዳይ ሁለቱም የፈንገስ ወገን ናቸው። ፔኒሲሊን የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ ያፈርሳል፤ የፈንገስ ግድግዳ ግን ከሌላ ነገር የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም።

ከፈንገሶች መካከል በወደቀ ግንድ ላይ በቅለው እንጨቱን እያነጡ የሚያበሰብሱ አሉ። እነዚህ እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን የተባለ ነገር ለመሰባበር ላኬዝና ፐሮክሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ ያመነጫሉ። ሊግኒን አንድ ወጥ ቅርጽ ስለሌለው፣ ኢንዛይሞቹም አንድን ነገር ብቻ መርጠው የሚሠሩ አይደሉም። ስለዚህም የአንዳንድ መድኃኒቶችን ቅንጣቶች ጭምር ይሰባብራሉ።

3. ምን ተገኘ? ወሰኑስ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ትራሜተስ ቨርሲኮለር የተባለው የግንድ ፈንገስ በ7 ቀናት ውስጥ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ከ90 በመቶ በላይ አስወግዷል። በአገራችንም በገለባ ላይ የሚመረተው ኦይስተር እንጉዳይ፣ ለከብቶች የሚሰጠውን ኦክሲቴትራሳይክሊን እንደሚሰባብር ታይቷል።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የተሳካው ሁሉ በሜዳ ይሳካል ማለት አይደለም። ፈንገሱ ጊዜና ምግብ ይሻል፤ በፍሳሽ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ይሻሙታል። መድኃኒቱ ከተሰባበረ በኋላ የቀረው ነገር ጉዳት የሌለው መሆኑም መመርመር አለበት። በተበከለ ነገር ላይ የበቀለ እንጉዳይ ደግሞ ለምግብ መዋል የለበትም።

4. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እንግዲህ ፈንገስ ረዳት እንጂ የቸልተኝነት ማካካሻ አይደለም። ከማጥራት አለመበከል ይቀድማልና፣ አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንውሰድ፤ ለጎረቤትም አናካፍል። የተረፈውን ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ወንዝ ከመጣል ይልቅ፣ ስለ አወጋገዱ የጤና ባለሙያ እንጠይቅ። ለከብቶቻችንም ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር መድኃኒት አንስጥ። ዛሬ ወደ ወንዝ የምንጥለው ፍሬ ነገ የልጃችንን ሕመም ሊፈውስ የሚገባውን መድኃኒት ኃይል ሊያሳጣ እንደሚችል አንዘንጋ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቤታችን የተረፈ መድኃኒት የት ይቀመጣል? የትስ ይጣላል?

ለ. የሰፈራችን ፍሳሽና ፍግ ወደ የትኛው ውኃ ይገባል? ያን ውኃ የሚጠጡትስ እነማን ናቸው?