ዶሮን በጤና ስለ መጠበቅ

የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልጅ ደብተር የሚውል የእናት ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የዶሮ መታመም ቀላል ነገር አይደለም። ዶሮ ስትጠበቅም ልጅ አብሮ ይጠበቃል።

1ኛ፤ ማደሪያ።
ቤት ለቤት ስንዞር ዶሮዎች ሰው በሚተኛበት ቤት ሲያድሩ፣ ሕፃንም ኩሳቸው በወደቀበት መሬት ላይ ሲድህ እናያለን። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው! በኩስ ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን አሉ። እንግዲህ ከቤት ውጭ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብና ሸለምጥማጥ የማይገባበት ቆጥ ሥሩላቸው። ኩሱን በየጠዋቱ ጠርጋችሁ ከውሃና ከልጆች መጫወቻ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ጣሉት። የሚጠጡትን ውሃ በየቀኑ ለውጡ። ዶሮ ወይም እንቁላል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከታጣ አመድና ውሃ ይሁን።

2ኛ፤ የሕመም ምልክት።
ጤነኛ ዶሮ ዓይኗ የጠራ ነው፤ ማለዳ ስትለቀቅ እየጫረች ትለቅማለች። ከቆጥ አልወርድ ያለችውን ልብ በሉ። ከሁሉ የከፋው በሽታ ፈንግል ነው። ፈንግል የያዛት ዶሮ ላባዋን ነፍታ ትኮራመታለች፤ ክንፏን ትጥላለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንዳንዴም አንገቷ ይጣመማል። ከያዘ በኋላ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ አረቄ አያድናትም። የሚከላከለው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ በየጊዜው ይደገማልና ጎረቤት ከጎረቤት ተማክራችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጥሩ።

3ኛ፤ ገበያ።
ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚገባው ከገበያ በመጣች ዶሮ ነው። አዲስ የገዛችኋትን ከሌሎቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉ። እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን እንደሚታቀፍ ሁሉ፣ እሷንም 21 ቀን ለብቻዋ አቆዩ። በውሃዋና በጥሬዋም ሌሎቹ አይካፈሏት።

«ሳትሞት ቶሎ ልሽጣት» የሚል ሐሳብ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ያስቆጫልና። ነገር ግን የታመመችን ዶሮ መሸጥ በሽታውን ለሌላ እናት ቤት መስጠት ነው፤ በሚቀጥለውም ገበያ ወደ እናንተ ይመለሳል። የሞተችውን አትብሉ፤ ለውሻም አትጣሉ። በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። የታመመ ዶሮ በነካ እጅ ዓይን አይታሽ፤ ፈንግል የሰውን ዓይን ያቀላልና።

ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ኬላ አምጡት።

እንግዲህ እናቶች፤ ነገ ማለዳ ዶሮዎቹን ስትለቁ አንድ በአንድ እዩአቸው። ዓይታ የለየች እናት ዶሮዋንም ልጇንም ታተርፋለች።