ከ101 ወደ 52፦ የደጋፊ ተስፋና የቁጥር ሕግ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2014፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 4 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሊቨርፑል በሜዳው አንፊልድ የጀርመኑን ቦሩሲያ ዶርትሙንድ 4 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው የወዳጅነት ነበር፤ ነጥብም ዋንጫም አልነበረውም። ሆኖም ሊጉ ሊጀመር አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶት ስለነበር ደጋፊው ውጤቱን እንደ መልካም ምልክት ቢወስደው የሚያስገርም አይደለም። ለተስፋው በቂ የሚመስል ምክንያትም ነበረው። ከሦስት ወራት በፊት በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ቡድኑ በ38 ጨዋታዎች 101 ግቦችን አስቆጥሯል። ከ1990 ወዲህ ያላገኘውን የሊግ ዋንጫም በ2 ነጥብ ልዩነት ብቻ ለማንቸስተር ሲቲ አስረክቧል።

በቀጣዩ የውድድር ዘመን ይኸው ቡድን ያስቆጠረው 52 ግብ ነው።

ይህ ውድቀት ብዙ ምክንያቶች ተደርድረውለታል፤ ብዙዎቹም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከእግር ኳስ ባለሙያዎች ይልቅ ለስታቲስቲክስና ለሥነ ልቡና ተመራማሪዎች የሚቀርብ ሌላ ጥያቄ አለ። ደጋፊዎች በየዓመቱ ስለ ቡድናቸው የማጥቃት ኃይል ከእውነታው በላይ የሚጠብቁት ለምንድን ነው? ስህተቱስ የሚፈጠረው በየትኛው የስሌት እርከን ላይ ነው?

የነሐሴ ሂሳብ

የዚያን ክረምት የደጋፊ ስሌት በወረቀት ላይ ማስፈር ይቻላል። ሊቨርፑል በ2013/14 ካስቆጠራቸው 101 ግቦች 31ዱ የኡራጓዊው ሉዊስ ሱዋሬዝ ነበሩ፤ እርሱም በጁላይ ወር ለባርሴሎና ተሸጠ። ቀሪው 70 ነው። በሽያጩ ገንዘብና በተጨማሪ ወጪ አጥቂው ሪኪ ላምበርትና አማካዩ አዳም ላላና ከሳውዝሃምፕተን፣ ማሪዮ ባሎቴሊ ደግሞ ከኤሲ ሚላን መጡ። ላምበርት ባሳለፈው የሊግ ዘመን 13፣ ላላና 9፣ ባሎቴሊ በጣሊያን ሴሪ ኤ 14 ግቦችን አስቆጥረው ነበር። እነዚህ ሲደመሩ 36 ይሆናሉ። 70 ላይ ሲጨመሩ ደግሞ 106። በዚህ ስሌት ቡድኑ የዓለምን ድንቅ አጥቂ ሸጦም ካለፈው ዓመት የበለጠ ግብ ያስቆጥራል ማለት ነው።

ድምሩ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ያለው መደመሩ ላይ ነው። ግብ እንደ ጡብ ከአንድ ግቢ ተነሥቶ ሌላ ግቢ የሚቆለል ዕቃ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚገቡት 11 ተጫዋቾች፣ ኳሷ አንዲት፣ ደቂቃዎቹ 90 ናቸው። ባሎቴሊ በሚላን ያገኛቸው የነበሩ ኳሶች በሚላን የተቀናበሩ ነበሩ፤ ላምበርትም በሳውዝሃምፕተን ቋሚ ተሰላፊ እንጂ ተቀያሪ አልነበረም። በአዲሱ ቡድናቸው አንዱ የሚያገኘው ደቂቃ ከሌላው የሚቀነስ ነው። በተጨማሪም የሱዋሬዝ መሄድ 31 ግቦችን ብቻ ሳይሆን እርሱ ተከላካዮችን ወደ ራሱ እየሳበ ለሌሎች የሚከፍተውን ቦታም ይዞ ሄዷል። ይህ ክፍተት በግብ አስቆጣሪዎች ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የሆነው ይህ ነበር፦ ባሎቴሊ በሊጉ 1፣ ላምበርት 2 ግብ አስቆጠሩ። ባለፈው ዓመት 21 ያስቆጠረው ዳንኤል ስተሪጅ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር ሳለ ተጎድቶ በሊጉ 12 ጊዜ ብቻ ተሰለፈ፤ ግቡም 4 ሆነ። አንድ ግጥምጥሞሽ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሱዋሬዝና ስተሪጅ በ2013/14 በሁለት ብቻ ያስቆጠሩት 52 ግብ ነበር፤ ይህም መላው ቡድን በቀጣዩ ዓመት ካስቆጠረው ጋር እኩል ነው።

በቁጥር ውስጥ የተደበቀ ዕድል

ሱዋሬዝ ባይሸጥ፣ ስተሪጅም ባይጎዳ ኖሮ 101 ግብ ይደገም ነበር? መልሱ «ላይሆን ይችላል» የሚል ነው፤ ምክንያቱም የጉዳዩ ዋና ሳይንስ ነው።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የ928 ዐዋቂ ልጆችን ቁመት ከወላጆቻቸው ቁመት ጋር አነጻጽሮ አሳተመ። እጅግ ረጃጅም የሆኑ ወላጆች ልጆች በአማካኝ ረጃጅሞች ቢሆኑም የወላጆቻቸውን ያህል አይደሉም፤ የአጫጭሮቹ ልጆችም እንዲሁ የወላጆቻቸውን ያህል አጫጭር አይደሉም። ሁለቱም ወደ መካከለኛው ይጠጋሉ። በዛሬው ስያሜ ክስተቱ «ወደ አማካኝ መመለስ» ይባላል። አንድ ውጤት የችሎታና የዕድል ድምር እስከሆነ ድረስ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ የተመዘገበው ውጤት ዕድል ያገዘው የመሆኑ አጋጣሚ ሰፊ ነው። በቀጣዩ ጊዜ ችሎታው ይቆያል፤ ዕድሉ ግን ቃል ኪዳን የለውም።

የእግር ኳስ ግብ ለዚህ ሕግ የተመቸ ነው፤ ብርቅ ክስተት ነውና። ብርቅ ክስተቶችን የሚቆጥሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ወደ ስልክ ማዕከል በደቂቃ ስንት ጥሪ እንደሚገባ የሚያሰሉ መሐንዲሶች፣ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በሲሜዮን ፖይሰን ስም የሚጠራውን ቀመር ይጠቀማሉ። በዚህ ቀመር መሠረት በዘፈቀደ የሚፈጠረው መዋዠቅ ከሚጠበቀው ቁጥር ስኩዌር ሩት ጋር እኩል ነው። ሊቨርፑል ከ2011/12 ጀምሮ በአምስት ተከታታይ የውድድር ዘመናት 47፣ 71፣ 101፣ 52 እና 63 ግቦችን አስቆጥሯል፤ አማካኙ ወደ 67 ይጠጋል። የ67 ስኩዌር ሩት በግርድፉ 8 ነው። ስለዚህ እውነተኛ አቅሙ 67 የሆነ ቡድን ምንም ሳይለወጥ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ አሰልጣኙም ሳይሳሳት አንድ ዓመት 59፣ ሌላ ዓመት 75 ሊያስቆጥር ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከ51 እስከ 83 ድረስ ሊዋዥቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 101 ከ67 በ34 ይርቃል፤ ይህም የመዋዠቂያውን አራት እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ርቀት በዕድል ብቻ አይገኝም፤ የዚያ ዓመት ሊቨርፑል በእርግጥ የተለየ ቡድን ነበር። «ሁሉም ዕድል ነው» የሚለው ሰው «ሁሉም ችሎታ ነው» ከሚለው ያልተናነሰ ይሳሳታል። ነገር ግን የዚያ ዓመት እውነተኛ አቅም ለምሳሌ 85 ነበር ብለን ብናስብ መዋዠቂያው 9 ስለሚሆን 101 መድረስ በዕድል እርዳታ የሚቻል ነው። እንዲያ ከሆነ ለቀጣዩ ዓመት ሊጠበቅ የሚገባው፣ ሱዋሬዝ ባይሸጥ እንኳ፣ 101 ሳይሆን 85 ነበር።

የዕድሉን ዱካ በዝርዝሩ ውስጥ ማየት ይቻላል። በዚያ ዓመት አምበሉ ስቲቨን ጄራርድ ካስቆጠራቸው 13 የሊግ ግቦች 10ሩ ፍጹም ቅጣት ምቶች ነበሩ። ተከላካዩ ማርቲን ሽከርትል 7 ግቦችን አስቆጥሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ 1 ወረደ። አንድ የመሀል ተከላካይ በዓመት 7 ግብ ማስቆጠሩ ደስ ያሰኛል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መሠረት ማድረጉ ግን አያዋጣም። ከዚህም ሌላ ቡድኑ በ2013/14 በአውሮፓ ውድድር ስላልተሳተፈ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 43 ጨዋታ ብቻ ነበር። በቻምፒየንስ ሊግ በተመለሰበት ዓመት ይህ ቁጥር 58 ደረሰ። የድካሙ ምንጭ ስኬቱ ራሱ ነበር።

ሕጉ ወደ ላይም ይሠራል። በ2011/12 ሊቨርፑል 47 ግብ ብቻ ባስቆጠረበት ዓመት ኳስ ከ30 ጊዜ በላይ ቋሚና አግዳሚ መትታ ተመልሳበታለች። በቀጣዩ ዓመት ግቡ ወደ 71 ከፍ አለ። ነገር ግን ለዚህ ዓይነቱ ጭማሪ «ዕድል ተመለሰ» የሚል ደጋፊ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምስጋናው ሁልጊዜ ለአሰልጣኙ ነው።

አምስት ቡድኖች፣ አንድ አቅጣጫ

ሊቨርፑል ብቸኛው አይደለም። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ከተጀመረ ወዲህ እስከ 2024/25 ድረስ በአንድ የውድድር ዘመን ከ100 በላይ ግብ የተቆጠረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ቼልሲ በ2009/10 103 አስቆጥሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ 69 ወረደ። ማንቸስተር ሲቲ በ2013/14 ከ102 ወደ 83፣ በ2017/18 ከ106 ወደ 95፣ በ2019/20 ደግሞ ከ102 ወደ 83 ዝቅ ብሏል። ሊቨርፑልን ጨምሮ አምስቱም ቀነሱ፤ የቀነሱት በአማካኝ 26 ግብ ነው። ከእነዚህ መካከል ሲቲ በ95 ግብ ሻምፒዮን ሆኗል። መውረድ መበላሸት ማለት አይደለም፤ ከጫፍ ላይ ሆኖ የሚሄዱበት አቅጣጫ በአብዛኛው አንድ ስለሆነ ነው።

ስለ ወዳጅነት ጨዋታዎችም ይኸው ስሌት የሚለው አለው። በጨዋታ በአማካኝ 1.75 ግብ የሚያስቆጥር ቡድን በ6 የዝግጅት ጨዋታዎች የሚጠበቅበት 10 ወይም 11 ግብ ነው። መዋዠቂያው ግን ከ3 ይበልጣል። ስለዚህ 17 ቢያስቆጥርም 5 ቢያስቆጥርም ስለ እውነተኛ አቅሙ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ ተጋጣሚው ግማሹን ወጣት አሰልፎ ሊሆን እንደሚችል ሳይረሳ። ዶርትሙንድን 4 ለ 0 ያሸነፈው ሊቨርፑል ከሳምንት በኋላ በሊጉ መክፈቻ ሳውዝሃምፕተንን በጭንቅ 2 ለ 1 ረታ።

በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው «የሚጠበቁ ግቦች» የተሰኘው መለኪያ የተፈጠረው ይህንን ድምፅና ጫጫታ ለመለየት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ከርቀቱ፣ ከማዕዘኑና ከአመታቱ አንጻር ግብ የመሆን ዕድሉ ይሰላል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ከ0.75 በላይ ይሰጠዋል፤ ከ30 ሜትር የተመታ ኳስ ግን ከጥቂት መቶኛ አያልፍም። አንድ ቡድን ከሚጠበቅበት 20 ግብ በላይ አስቆጥሮ ከጨረሰ ለቀጣዩ ዓመት መጠበቅ ያለበት ሙከራዎቹን እንጂ ትርፉን አይደለም። መለኪያው ፍጹም አይደለም፤ እንደ ሱዋሬዝ ያለ ተጫዋች ከሌላው በተሻለ እንደሚጨርስ በሚገባ አይዝም። ከባዶ ተስፋ ግን ይሻላል።

ትምህርት የማይለውጠው ተስፋ

ታዲያ ደጋፊው ይህን ሁሉ ቢነገረው ይታረማልን? ኬድ ማሲ፣ ጆሴፍ ሲመንስና ዴቪድ አርሞር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2011 ያሳተሙት ጥናት መልሱን ይሰጣል። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ደጋፊዎች ላይ ሲሆን ተሳታፊዎቹ በ2008 የውድድር ዘመን በየሳምንቱ የጨዋታዎችን ውጤት ይተነብዩ ነበር። በትክክል የገመተ ይሸለማል፤ ስህተቱም በየሳምንቱ ፊት ለፊቱ ይታያል። ሆኖም ስለሚወዱት ቡድን የነበራቸው የተጋነነ ግምት ከአራት ወር በኋላም ከአራት ሳምንት በኋላ እንደነበረው ጠንክሮ ተገኘ። ሽልማቱም ትምህርቱም ፍላጎትን አላሸነፉም።

የዚህን ምንጭ በአእምሮ ውስጥ የፈለገችው ተመራማሪ ታሊ ሻሮት ናት። እርሷና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ሥራ ተሳታፊዎች ክፉ ነገሮች በራሳቸው ላይ የመድረሳቸውን ዕድል ይገምታሉ፤ ከዚያ ትክክለኛው መጠን ይነገራቸዋል፤ ቀጥሎም ድጋሚ ይገምታሉ። ከጠበቁት የተሻለ ዜና የሰሙ ግምታቸውን በእጅጉ አስተካከሉ፤ የከፋ የሰሙት ግን እምብዛም ንቅንቅ አላሉም። ወደ እግር ኳስ ሲመለስ፣ «አዲሱ አጥቂ 14 ግብ አስቆጥሯል» የሚለው ዜና ወዲያው ይገባል፤ «አጥቂያችን በየዓመቱ ይጎዳል» የሚለው ግን በር ላይ ይቀራል።

ይህ ተስፋ በሻይ ሰዓት ክርክር ላይ ቢቆም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ግማሹ የእግር ኳስ ጣዕም እርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ነው። የውርርድ ቤቶችም ሆኑ በውጭ አገር ያሉ ወገኖች በስልካቸው የሚከፍቷቸው የውርርድ መተግበሪያዎች የሚያቀርቡት ዋጋ ወደ አማካኝ መመለስን አስቀድሞ ያሰላ ነው። በራሱ ቡድን ላይ የሚወራረድ ደጋፊ ግን ስሌቱን የጀመረው ከፍላጎቱ ነው፤ ከአራት ወር ኪሳራ በኋላም በዚያው ፍላጎት እንደሚቀጥል ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ያመለክታል።

ሊቨርፑል ሲጠብቀው የኖረውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በ2020 ነው። ያን ዓመት ያስቆጠረው 85፣ የተቆጠረበት ደግሞ 33 ግብ ነበር። 101 ባስቆጠረበት ዓመት የተቆጠረበት 50 ነበር፤ ያን ነሐሴ የተሠራው የግብ ሂሳብ ግን ይህን ቁጥር አልያዘም።